ሁለት ባላ ትከል፦ በብሪጅ «አንድ ያለ ገዢ» ያለን ተጋጣሚ በሁለት ቤት መግጠም

በስተቀኜ የተቀመጡት ሰውዬ ካርታቸውን ሁለት ጊዜ ቆጠሩና «አንድ ያለ ገዢ» አሉ። በእጄ የያዝኩት ይህ ነበር፦ ከስፔድ ንጉሥ፣ ንግሥት፣ 10፣ 8 እና 4፤ ከልብ አስ፣ ጃክ፣ 9፣ 7 እና 3፤ ከዳይመንድ 6 ብቻዋን፤ ከአበባ 5 እና 2። ስፔድ ብል ልቤ ተደብቆ ሊቀር ነው፤ ልብ ብል ስፔዱ። ዝም ብል ደግሞ ሰውዬው የሚፈልጉትን ጨዋታ ያለ ተቀናቃኝ ሊወስዱ ነው።

ብሪጅን አብዛኛው የአማርኛ አንባቢ የሚያውቀው ቢል ጌትስና ዋረን ባፌት የሚጫወቱት የካርታ ጨዋታ ሲባል ሰምቶ ነው። አሁን በኢንተርኔት ከየትም ሆኖ መጫወት ይቻላል። ጨዋታውን የሞከረ ሰው ታዲያ ብዙም ሳይቆይ ላንዲ፣ ካፔሌቲ፣ ዶንት፣ ሜክዌል የሚባሉ ስሞች ይዘንቡበታል። ሁሉም ከላይ ላለው የእኔ ጭንቀት የተበጁ መድኃኒቶች ናቸው። ጀማሪው እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ ይሸመድዳቸዋል፤ ከዚያም ያምታታቸዋል። እኔ ከሽምደዳው በፊት ምክንያቱን ማወቅ ይቀላል ባይ ነኝ። የሁሉም ምንጭ አንድ ትንሽ የሒሳብ ችግር ነውና።

የምን ጨረታ ነው?

ብሪጅ የሚጫወቱት አራት ሰዎች ናቸው፤ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሁለቱ አጋሮች ናቸው። 52ቱ ካርታ ለእያንዳንዱ 13 ይታደላል፤ ጆከር የለም። ካርታዎቹ አራት ወገን ሲሆኑ እኔ እዚህ «ቤት» እላቸዋለሁ። ስፔድ የምለው የጦር ጫፍ የመሰለውን ጥቁር፣ ልብ ቀዩን ልብ፣ ዳይመንድ ባለ አራት ማዕዘኑን ቀይ፣ አበባ ደግሞ ባለ ሦስት ቅጠሉን ጥቁር ነው። አራቱ ተጫዋቾች በየተራ አንዳንድ ካርታ ሲጥሉ አንድ ዙር ይሆናል፤ በአንድ እደላ 13 ዙር አለ።

ካርታ ከመጣሉ በፊት ግን ጨረታ አለ። የሚጫረቱት በገንዘብ ሳይሆን በቃል ኪዳን ነው፦ «ይህን ያህል ዙር እንወስዳለን፣ ገዢውም ይህ ቤት ይሁን»። ገዢ የሆነ ቤት የሌላውን ቤት አስ እንኳን በ2 ይመታል። ቁጥሩ የሚታሰበው ከስድስት በላይ ነው፤ «ሁለት ልብ» ማለት ልብ ገዢ ሆኖ ስምንት ዙር እንወስዳለን ማለት ነው። ተከታዩ ተጫራች ካለፈው ከፍ ማለት አለበት። ደረጃው ከታች ወደ ላይ አበባ፣ ዳይመንድ፣ ልብ፣ ስፔድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «ያለ ገዢ» ነው፤ በእርሱ ጊዜ የትኛውም ቤት ሌላውን አይገዛም። ልብና ስፔድ ብዙ ነጥብ ስለሚያስገኙ ትልልቆቹ ቤቶች፣ ዳይመንድና አበባ ትንንሾቹ ይባላሉ። መጫረት ያልፈለገ «ይለፈኝ» ይላል። ተጋጣሚው ቃሉን አይሞላም ብሎ ያመነ «እጥፍ» ይላል፤ ያን ጊዜ ሽልማቱም ቅጣቱም ያድጋል።

አጋሮች መነጋገር፣ መጠቃቀስ፣ ፊት ማጨፍገግ እንኳን አይፈቀድላቸውም። ያላቸው ቋንቋ ጨረታው ብቻ ነው፤ የዚህ ቋንቋ መዝገበ ቃላት ደግሞ 38 ቃል ብቻ አለው፦ 35 የጨረታ ቃላት፣ ይለፈኝ፣ እጥፍ፣ የእጥፍ እጥፍ። አሜሪካዊው ሃሮልድ ቫንደርቢልት እ.ኤ.አ. በ1925 በፓናማ ቦይ በኩል በመርከብ ሲጓዝ የዛሬውን የነጥብ አሠራር ካወጣ ወዲህ፣ ተጫዋቾች ዕድሜያቸውን የፈጁት እነዚህን 38 ቃላት ከአቅማቸው በላይ እንዲናገሩ በማድረግ ነው።

«አንድ ያለ ገዢ» ያለው ሰው ምን እየተናገረ ነው?

የካርታ ጉልበት በነጥብ ይገመታል፦ አስ 4፣ ንጉሥ 3፣ ንግሥት 2፣ ጃክ 1። በጠቅላላው ካርታ ውስጥ 40 ነጥብ አለ። በአብዛኛው ዓለም «አንድ ያለ ገዢ» ብሎ ጨረታ የሚከፍት ሰው ከ15 እስከ 17 ነጥብ አለው፤ ካርታውም በአራቱ ቤቶች ተመጣጥኖ የተከፋፈለ ነው። ባዶ ቤት የለውም፤ አንዲት ካርታ ብቻዋን የቆመችበት ቤትም የለውም።

ይህ በብሪጅ ውስጥ እጅግ ግልጽ ከሚባሉት ጥሪዎች አንዱ ነው። ወሰኑ ተለክቶ፣ ችካል ተተክሎ፣ ፕላን የተሠራለት ቦታ በሉት። አጋርየው የራሱን ነጥብ ደምሮ የት መድረስ እንደሚችሉ በደቂቃ ውስጥ ያውቀዋል። ካልተነኩ ቀስ ብለው እየተጠያየቁ ትክክለኛው ቦታ ላይ ያርፋሉ። የሚጠያየቁባቸው መሣሪያዎች፣ ለምሳሌ ስቴይማንና የጃኮቢ ማሸጋገሪያ የሚባሉት፣ በደንብ የሚሠሩት በመካከል የሚገባ ሰው ከሌለ ነው።

ስለዚህ መካከል መግባት ሁለት ነገር ያደርጋል። ፕላናቸውን ያዛባል፤ ደግሞም ጨዋታው የእኛ የሚሆንበት አጋጣሚ ካለ ያስገኛል። ብዙ ጀማሪ የሚያስበው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ለእኔ ትልቁ ሁለተኛው ነው።

ብንተዋቸው ምን ይጎዳል?

የእኔ ካርታ 10 ነጥብ ነው፤ ትዕግሥተኛ ሰው «ይለፈኝ» ብሎ ይቀመጥበታል። አሁን ጠረጴዛውን ገልጠን እንየው። አጋሬ የያዘችው ከስፔድ 6 እና 3፤ ከልብ ንግሥት፣ 10፣ 6 እና 2፤ ከዳይመንድ ንጉሥ፣ 8፣ 7 እና 4፤ ከአበባ ንግሥት፣ 9 እና 3 ነው። ሰባት ነጥብ። የሁለታችን ድምር 17፣ የእነርሱ 23 ማለት ነው። ሰውዬው 16፣ አጋራቸው 7።

በነጥብ ጨዋታው የእነርሱ ይመስላል። ነገር ግን ልብ ገዢ ቢሆን ምን ይሆናል? በሁለታችን መካከል ዘጠኝ ልብ አለን። የልብ ንጉሥ በሰውዬው እጅ ስለሆነ ከአጋሬ በኩል ንግሥቲቱን ብንመራ ወጥመድ ውስጥ ይገባል፤ ከልብ አንድም ዙር አናጣም። የምናጣው የስፔድ አስን፣ የዳይመንድ አስንና ሁለት አበባ ነው። ዘጠኝ ዙር ይቀርልናል። «ሁለት ልብ» ብለን ዘጠኝ ብንወስድ 140 ነጥብ ነው፤ ስምንት ብቻ ብንወስድም 110። እነርሱ ደግሞ ቢተዉ ኖሮ «አንድ ያለ ገዢ»ን ያለ ችግር ሞልተው 90 ወይም 120 ይጽፉ ነበር። በውድድር ያንኑ ካርታ ሌሎች ጠረጴዛዎችም ይጫወቱታል፤ የሚወዳደረውም ከእነርሱ ውጤት ጋር ነው። እዚያ 90 መስጠትና 140 መውሰድ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ሌላም ስሌት አለ። «ሁለት ልብ» ብለን አንድ ዙር ቢጎድለንስ? ተጋላጭ ካልሆንን ቅጣቱ 50 ነው። (ተጋላጭ ማለት በዚያ እደላ ሽልማቱም ቅጣቱም ከፍ የሚልበት ወገን ማለት ነው፤ በውድድር አስቀድሞ የተወሰነ ነው።) ሃምሳ ከፍሎ 90 ማዳን አያስቆጭም።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ነው። በእኔ ጠረጴዛ የሆነውን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

ለምን በሁለት ቤት?

አባቶች «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ። ከብሪጅ መምህር ይህን የሚያህል አጭር ትምህርት ሰምቼ አላውቅም።

በአንድ ቤት ብቻ ስጫረት፣ «ሁለት ስፔድ» ብዬ አጋሬ ስፔድ የሌላት ብትሆን፣ ባላዬ ተሰበረ። ያን ጊዜ እርሷ ልብ እንዳለኝ በምን ታውቃለች? «ሁለቱም አለኝ» ብዬ መናገር ከቻልኩ ግን ምርጫው የእርሷ ነው፤ አንዱ ባዶ ከሆነ ሌላውን ትይዛለች። በሁለቱም ቤቶች እጥረት ያለባት እንድትሆን ካርታዋ በሙሉ ወደ ሌሎቹ ሁለት ቤቶች መፍሰስ አለበት፤ ይህ ይሆናል፣ ግን ብዙ ጊዜ አይሆንም። ሁለተኛ ጥቅም አለው፦ ሁለት ረጃጅም ቤት ያለው ሰው በቀሩት ሁለት ቤቶች አጭር ነው፤ ተጋጣሚዎቹ በነዚያ ቤቶች አስና ንጉሥ ቢደረድሩም እርሱ በገዢ ይመታቸዋል። ባለ ሁለት ቤት ካርታ ከነጥቡ በላይ የሚጫወተው ለዚህ ነው። (በኑሮ ባለ ሁለት ቤት መሆን ምን እንደሚያስከትል የሚያውቅ ያውቃል፤ በብሪጅ ግን ትርፍ ነው።)

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?

«ሁለቱም አለኝ» የሚል ቃል በመዝገበ ቃላቱ ውስጥ የለም። ሒሳቡ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ልናገር የምፈልጋቸውን መልእክቶች ልቁጠር። አንድ ረጅም ቤት ብቻ ሲኖረኝ አራት አማራጭ አለ። ሁለት ሲኖረኝ ስድስት፦ ስፔድና ልብ፣ ስፔድና ዳይመንድ፣ ስፔድና አበባ፣ ልብና ዳይመንድ፣ ልብና አበባ፣ ዳይመንድና አበባ። ከዚህ ሁሉ ሌላ አንዳንድ ጊዜ «ይህን ውል አይሞሉትም፣ ካርታው የኔ ነው» ብዬ በእጥፍ መቅጣት እፈልጋለሁ። አሥራ አንድ መልእክት ሆነ። በርካሽ ልናገርባቸው የምችላቸው ጥሪዎች ግን ስድስት ብቻ ናቸው፦ እጥፍ፣ ሁለት አበባ፣ ሁለት ዳይመንድ፣ ሁለት ልብ፣ ሁለት ስፔድ፣ ሁለት ያለ ገዢ። ከዚያ በላይ ከሄድኩ ዘጠኝ ዙር ቃል መግባት ነው፤ ውድ ነው።

አሥራ አንድ ተሳፋሪ፣ ስድስት ወንበር። የአዲስ አበባ ታክሲ የተሳፈረ ሰው ይህን ችግር ለመረዳት ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ረዳቱ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፦ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ብሎ ሁለትና ሦስት ሰው በአንድ ወንበር ማስቀመጥ፣ ወይም አንዳንዱን ፌርማታው ላይ ጥሎ መሄድ። ላንዲም ሆነ ካፔሌቲ፣ ዶንትም ሆነ ሜክዌል የተለያዩ ረዳቶች ናቸው። ልዩነታቸው ማንን እንደሚያጨናንቁና ማንን እንደሚጥሉ ብቻ ነው።

ረዳቶቹስ እንዴት ያስቀምጣሉ?

ቀላሉ ላንዲ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከአሜሪካዊው አልቪን ላንዲ ነው። «ሁለት አበባ» ሲባል ስለ አበባ የሚወራ ነገር የለም፤ «ልብም ስፔድም አለኝ» ማለት ነው። ሌላው ሁሉ እንደ ስሙ ነው፤ ሁለት ልብ ልብ ነው፣ እጥፍም ቅጣት ነው። ቅኔ የሚያውቅ ሰው ሰሙ አበባ፣ ወርቁ ልብና ስፔድ ነው ይላል። ላንዲ ትልልቆቹን ቤቶች በምቾት ያስቀምጣል፤ ከሌሎቹ ባለ ሁለት ቤቶች ግን አብዛኞቹን ፌርማታው ላይ ይጥላቸዋል። አበባ ብቻ የያዘ ሰውም ወንበሩ ስለተወሰደበት ወይ ይቀራል ወይ ወደ ሦስት ይወጣል።

ካፔሌቲ ማንንም መጣል የማይወድ ረዳት ነው። አንድ ቤት ብቻ ያላቸውን አራቱንም «ሁለት አበባ» የሚባል አንድ ወንበር ላይ ያጭቃቸዋል፤ አጋር «ሁለት ዳይመንድ» ብሎ ይጠይቃል፣ ያኔ የትኛው ቤት እንደሆነ ይነገረዋል። «ሁለት ዳይመንድ» ልብና ስፔድ ነው። «ሁለት ልብ» ማለት ልብና ከትንንሾቹ አንዱ፤ «ሁለት ስፔድ» ማለት ስፔድና ከትንንሾቹ አንዱ፤ «ሁለት ያለ ገዢ» ሁለቱም ትንንሾች። እጥፍ ቅጣት ሆኖ ይቀራል። ቁጠሩት፣ አሥራ አንዱም ተሳፍረዋል። ዋጋው ግን አለ። ትንሹ ቤት የትኛው እንደሆነ ያልተነገረው አጋር፣ ልቡ ካልጣመው ሊጠይቅ ወደ ላይ መውጣት አለበት፤ ሲጠይቅ ሦስት ላይ ይደርሳል። በነገራችን ላይ በአሜሪካ አንዳንዱ ይህንኑ ሃሚልተን ይለዋል፤ በብሪታንያ ደግሞ ፖቴጅ ይባላል። ሦስት ስም፣ አንድ ታክሲ። አዲስ አጋር ስታገኙ ስሙን ብቻ ተስማምታችሁ እንዳትቀመጡ።

ዶንት የማርቲ በርገን ነው። ስሙ «የተጋጣሚን ያለ ገዢ አውክ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ የመጀመሪያ ፊደላት የተሠራ ነው፤ ሲነበብ ግን «አታድርግ» ይላል። መልእክቱ ግን አድርግ ነው! አሠራሩ ያምራል። «ሁለት አበባ» አበባና ከእርሱ በላይ ያለ ሌላ ቤት፤ «ሁለት ዳይመንድ» ዳይመንድና ከእርሱ በላይ ያለ፤ «ሁለት ልብ» ልብና ከእርሱ በላይ ያለ፣ ያም ስፔድ ብቻ ነው። ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ፤ ድምሩ ስድስቱ ባለ ሁለት ቤቶች በሙሉ። «ሁለት ስፔድ» ስፔድ ብቻ፤ እጥፍ ደግሞ «አንድ ረጅም ቤት አለኝ፣ ቆይቼ እነግርሃለሁ»። ዝቅተኛው ቤት ሁልጊዜ በስሙ ስለሚጠራና ሌላው ከእርሱ በላይ ስለሆነ፣ አጋር የትኛውንም ቢመርጥ ከሁለት ሳይወጣ ይቆማል። ፌርማታ ላይ የቀረው ማን ነው? ቅጣቱ። አሥራ ስምንት ነጥብ ይዛችሁ ብትቀመጡ «እጥፍ» ብላችሁ መቅጣት አትችሉም፤ ቃሉ ለሌላ ተሰጥቷል። ተጋጣሚው 15 እስከ 17 ካለው እንዲህ ያለ ካርታ ለእናንተ የሚደርሰው ከስንት አንዴ ነው፤ በርገን የቆረጠው ይህን አስልቶ ነው።

የቀሩትን በአጭሩ ልለፍ። ሜክዌል ከታዋቂዎቹ አሜሪካውያን አጋሮች ከጄፍ ሜክስትሮትና ከኤሪክ ሮድዌል ስም የተቀጠለ ነው፤ «ሁለት አበባ» አበባና አንድ ትልቅ ቤት፣ «ሁለት ዳይመንድ» ዳይመንድና አንድ ትልቅ ቤት ሲሆን፣ ሁለቱ ትልልቆች በእጥፍ ይነገራሉ። መልቲ ላንዲ ደግሞ የላንዲን «ሁለት አበባ» ይዞ «ሁለት ዳይመንድ»ን «ከትልልቆቹ አንዱ ብቻ አለኝ፣ ገምት» ያደርገዋል።

ወደ እኔ ካርታ ስንመለስ፣ ያንኑ አምስት ስፔድና አምስት ልብ የላንዲ ሰው «ሁለት አበባ» ይላል፣ የካፔሌቲ ሰው «ሁለት ዳይመንድ»፣ የዶንት ሰው «ሁለት ልብ»፣ የሜክዌል ሰው «እጥፍ»። አንድ እጅ፣ አራት ቋንቋ።

አጋሩ ምን ያድርግ?

እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት ከሁሉም የበዛ ነው። አጋሩ መልስ ሲሰጥ የራሱን ካርታ እያወራ ይመስለዋል፤ አይደለም። ከተተከሉለት ሁለት ባላዎች አንዱን እየመረጠ ነው። የስፔድ 6 እና 3 የያዘችው አጋሬ አራት ልብ ስላላት ልብ ትላለች፤ አለቀ። ሁለቱም ቤቶች እኩል ቢሆኑባት፣ በላንዲ «ሁለት ዳይመንድ» ብላ «የሚረዝመውን አንተ ምረጥ» ልትል ትችላለች። በዶንት «ሁለት አበባ» ተብሎላት አንዲት አበባ ብቻ ቢኖራት «ሁለት ዳይመንድ» ትላለች፤ ትርጉሙ «ሌላው ቤትህ ይህ ከሆነ ተወው፣ ካልሆነ የራስህን ጥራ» ነው። የራሷን አምስት ዳይመንድ ለማሳየት ብላ አይደለም።

ምን ያህል ከፍ ማለት እንደሚቻል ደግሞ ዣን ረኔ ቬርን የተባለ ፈረንሳዊ ያወጣው፣ አሜሪካዊው ላሪ ኮኸን በሰፊው ያስተዋወቀው ጥሩ መለኪያ አለ፦ በሁለታችሁ እጅ ያለውን የገዢ ካርታ ቁጠሩ፤ ያን ያህል ዙር ድረስ መጫረት አብዛኛውን ጊዜ አያስቆጭም። ስምንት ካላችሁ እስከ ሁለት፣ ዘጠኝ ካላችሁ እስከ ሦስት። የእኔና የአጋሬ ልብ ዘጠኝ ነበር፣ የምንወስደውም ዘጠኝ ዙር። ሁልጊዜ እንዲህ አይገጥምም፣ ግን ከነጥብ ቆጠራ ይልቅ ለዚህ ሥራ እርሱን አምናለሁ።

መቼ ነው አፍ የሚዘጋው?

ይህን እጅ ተመልከቱ፦ ከስፔድ ጃክ፣ 8፣ 6፣ 4፣ 2፤ ከልብ ንግሥት፣ 7፣ 5፣ 3፤ ከዳይመንድ ንጉሥና ንግሥት፤ ከአበባ ንጉሥና 4። አሥራ አንድ ነጥብ፣ ከእኔ እጅ በአንድ ይበልጣል። አምስት ስፔድ፣ አራት ልብም አለው። ጀማሪ ወዲያው ይጫረታል። እኔ ብሆን ይለፈኝ እላለሁ። ከአሥራ አንዱ ነጥብ ስምንቱ በአጫጭሮቹ ቤቶች ነው ያለው፤ ሀብቱ ያለው እርሱ በማይኖርበት ቤት ነው። እነዚያ ንጉሦች ለመከላከል ይጠቅማሉ እንጂ ገዢ የሚሆኑትን ስፔዶች አያጠናክሩም። የእኔ አሥር ነጥብ ግን አንዷም ሳትባክን በሁለቱ ረጃጅም ቤቶች ውስጥ ናት።

ፈተናው የሚበዛው እንዲህ ያለው አምስትና አራት ብዙ ጊዜ ስለሚታደል ነው። አምስት ካርታና አራት ካርታ ያሏቸው ሁለቱ የተለመዱ አከፋፈሎች ተደምረው ከመቶ እደላ 23 ያህሉን ይይዛሉ፤ እንደ እኔ አምስት፣ አምስት፣ ሁለት፣ አንድ የሆነው ግን ከመቶ 3 ያህል ብቻ ነው። የሰነፉ እጅ በብዛት ይመጣል፣ የጎበዙ በናፍቆት።

ተጋላጭነትም አለ። ተጋላጭ ሳትሆኑ በእጥፍ ብትወድቁ ቅጣቱ 100፣ 300፣ 500 እያለ ይሄዳል። ተጋላጭ ከሆናችሁ 200፣ 500፣ 800። እጥፍ ሳይባል እንኳን ተጋላጭ ሆኖ ሁለት ዙር መጉደል 200 ነው፤ ተጋጣሚዎቹ «አንድ ያለ ገዢ»ን ተጫውተው ከሚያገኙት 90 ወይም 120 ይበልጣል። በልምድ የበሰሉ ሰዎች ተጋላጭ ሲሆኑ አምስትና አምስት ይፈልጋሉ፤ ካልሆኑ አምስትና አራትም ይበቃቸዋል፣ ነጥቡ በትክክለኛው ቦታ እስካለ ድረስ።

የመቀመጫ ቦታስ? ከፋቹ «አንድ ያለ ገዢ» ብሎ፣ አጋራችሁም የከፋቹ አጋርም «ይለፈኝ» ብለው ተራው ለእናንተ ከደረሰ፣ ደፈር ማለት ይቻላል። ከፋቹ 16 ያህል አለው፤ ዝም ያለው አጋሩ 5 ያህል እንበል። ከ40 የቀረው 19 በእናንተ ወገን ነው። በእጃችሁ 9 ካለ አጋራችሁ 10 ያህል ይዞ ዝም ብሏል ማለት ነው።

በመጨረሻም ተጋጣሚው ደካማ መክፈቻ የሚጠቀም ከሆነ፣ በብሪታንያ የተለመደው ከ12 እስከ 14 ነጥብ ያለው ዓይነት፣ ነገሩ ይለወጣል። ያን ጊዜ ጨዋታው በሙሉ የእናንተ ሊሆን ስለሚችል የቅጣት እጥፍ ያስፈልጋችኋል፤ ዶንት ፌርማታው ላይ የጣለው ተሳፋሪ ድንገት አስፈላጊው ሰው ሆኖ ያርፋል። ብዙ አጋሮች ለጠንካራው አንድ ስምምነት፣ ለደካማው ሌላ የሚይዙት ለዚህ ነው።

ይህ ማታለል አይደለም?

አበባ ብሎ ልብና ስፔድ ማለት ለማያውቅ ሰው ሸፍጥ ይመስላል። ከቅኔው ጋር የሚለያየው እዚህ ላይ ነው፦ በብሪጅ ወርቁን ለተጋጣሚ መደበቅ ክልክል ነው። አጋሮች የተስማሙበት ሁሉ በስምምነት ካርዳቸው ላይ ተጽፎ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። ስሙና ትርጉሙ የማይገጥም ጥሪ ሲነገር አጋሩ ተጋጣሚዎቹን ማንቃት አለበት፤ ከጠየቁም ያስረዳል። በኢንተርኔት ጨዋታ ደግሞ ተጫራቹ ራሱ ትርጉሙን ለተጋጣሚዎቹ ይጽፋል። ምስጢር የሚሆነው የያዛችሁት ካርታ ነው፣ ቋንቋው አይደለም።

ስለዚህ በዚህ ሁሉ ስምምነት ውስጥ ትልቁ አደጋ የተጋጣሚ ብልጠት ሳይሆን የራስ ወገን መርሳት ነው። ቃል የገባሁትን ልናገር። እኔና አጋሬ በካፔሌቲ ተስማምተን ነበር። ያን ካርታ ይዤ «ሁለት ዳይመንድ» አልኩ፤ ልብና ስፔድ መሆኑ ነው። በስተግራዬ ያሉት ሴት አጋሬን «ምን ማለት ነው?» ብለው ጠየቋት። እርሷ ባለፈው ሳምንት ከሌላ ሰው ጋር በላንዲ ስትጫወት ሰንብታለች። «ዳይመንድ ነው» አለች በእርጋታ። ሴትዮዋ አለፉ። አጋሬም አራት ዳይመንድ ከነንጉሡ ይዛለችና ደስ እያላት አለፈች። ሰውዬውም አለፉ።

በጨረታው ወቅት ፊቴን ማጨፍገግም፣ ማረምም አይፈቀድልኝም ነበር። ጨረታው ካበቃ በኋላ ግን ውሉን የምንጫወተው እኛ ስለሆንን፣ የመጀመሪያው ካርታ ከመጣሉ በፊት ዳኛ ጠርቼ እውነቱን መናገር ግዴታዬ ነበር። እጄን አነሳሁ። ዳኛው መጡ። «ስምምነታችን ልብና ስፔድ ነው» አልኩ፣ በእጄ ያለችውን አንዲት ዳይመንድ እያየሁ። አጋሬ ካርታዋን በዝግታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤ ስንት ዙር እንደጎደለን ግን አልናገርም።

ሰውዬው ካርታቸውን ለሦስተኛ ጊዜ ቆጠሩ።